አንድ ኪሎ ኑግ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

ከነቀምቴ ገበያ አንድ ቁንጥር ኑግ ተወስዶ በነጭ ወረቀት ላይ ይበተን። ፍሬው ጥቁር ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት ያብለጨልጫል፤ አንዱ ጫፉ ቀጠን፣ ሌላው ወፈር ያለ ነው። ርዝመቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ አማካዩ 4 ይሁን። አንድ ሺህ ፍሬ ከ3 እስከ 5 ግራም ይመዝናል፤ እዚህም አማካዩ 4 ይሁን። አንድ ግራም ኑግ እንግዲህ 250 ፍሬ ነው። 250ው ፍሬ ጫፍ ለጫፍ ተገጥሞ ቢደረደር ርዝመቱ ልክ 1 ሜትር ይሆናል።

ሒሳቡ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። 1 ግራም ኑግ 1 ሜትር ከሆነ፣ 1 ኪሎ ኑግ 1 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ ኩንታል ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር።

ከነቀምቴ ጊምቢ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ኩንታል ኑግ ፍሬ በፍሬ ቢደረደር ዲዴሳን ተሻግሮ ጊምቢ ለመግባት 10 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። ከነቀምቴ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በባኮ፣ በአምቦና በሆለታ አልፎ ዋና ከተማዋ የሚገባው መንገድ ዳር እስከ ዳር የሚሸፈነው በ3 ኩንታል ከ30 ኪሎ ኑግ ነው። ያን ያህል ኑግ የአንድ አነስተኛ ጭነት መኪና ጀርባ እንኳ አይሞላም።

መደርደሩ ቀርቶ መቁጠሩ ብቻ ቢሞከርስ? በሰከንድ አንድ ፍሬ እየቆጠረ በቀን 10 ሰዓት የሚሠራ ሰው 1 ኪሎ ኑግ ለመጨረስ 7 ቀን ይፈጅበታል። አንድ ኩንታል ከሆነ እሑድንና በዓላትን ሳያርፍ ወደ 2 ዓመት ይቆጥራል። በኩንታሉ ውስጥ ያለው ፍሬ 25 ሚሊዮን ነው።

ይህ ሁሉ ፍሬ ከቢጫ አበባ የመጣ ነው።

ቢጫው የሚጀምረው ከአደይ ነው። ጳጉሜን ላይ ብቅ ይላል፤ መስከረም 1 ልጃገረዶች በእጃቸው ይዘውት ይዞራሉ፤ መስከረም 16 በደመራው አናት ላይ ይታሰራል። በወለጋ ኬሎ ይሉታል። ከአደይ ጎን ለጎን በየማሳው ድንበርና በየመንገዱ ዳር መጭ ይፈነዳል። የአደይ ወር ወደ ማለቁ ሲል ደግሞ ከሻምቡ እስከ አርጆ፣ ከሲሬ እስከ ነጆና መንዲ ድረስ ተራው የኑግ ይሆናል፤ አገሬው ኑጊ የሚለው ማሳ በሙሉ ቢጫ ይለብሳል። ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የዚህ ቤተሰብ ዝርያዎች በዓለም ላይ ከ32,000 በላይ ሲሆኑ ምድር ላይ ከሚያብቡ 10 የዕፅዋት ዝርያዎች 1ዱ ገደማ የዚህ ቤተሰብ ነው። ሱፍ፣ ሰላጣና እሾህ ያለው ኮሸሽላ ሁሉ ከዚሁ ይቆጠራሉ። በሰሜን አሜሪካ በመኸር ወራት ሜዳውን ቢጫ የሚያደርገው ጎልደንሮድም እንዲሁ። የስሙ ትርጉም የወርቅ ዘንግ እንደማለት ነው፤ ከ100 በላይ ዝርያ አለው፤ ንቦች በረዶው ሳይወርድ የመጨረሻ ስንቃቸውን የሚሰበስቡት በአብዛኛው ከእርሱ ነው። ወለጋ ላይ ይህን የማዕድ ቦታ የያዙት አደይ፣ መጭና ኑግ ናቸው።

ኑግና መጭ ከቤተሰቡ ሁሉ ይልቅ ይቀራረባሉ፤ በአንድ ወገን ውስጥ ከሚገኙ 6 ዝርያዎች ሁለቱ ናቸው። ከ6ቱ 5ቱ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ይበቅላሉ። ገበሬ ያላመደው አንዱን ብቻ ነው፤ እርሱም ኑግ ነው። የተላመደውም እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሆን ከዚህ ተነስቶ በጥንት ዘመን ባሕር ተሻግሮ ሕንድ ገብቷል።

አሁን ከማሳው አንድ አበባ ይቀጠፍ። ስፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ዙሪያውን 8 ቢጫ ቅጠል የሚመስል ነገር አለው፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ቢጫ ክብ አለ። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ይህ አንድ አበባ አይደለም። በዳር ያሉት 8ቱ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። መሐሉ ላይ ያሉት ከ40 እስከ 60 የሚደርሱ ጥቃቅን ቱቦዎችም እያንዳንዳቸው አበባ ናቸው፤ የየራሳቸው ዱቄት፣ የየራሳቸው የአበባ ማር፣ የየራሳቸው ፍሬ አላቸው። ቱቦዎቹ አንድ ላይ አይከፈቱም። ከዳር ጀምረው ዙር በዙር ወደ መሐል ይፈካሉ። ሰው አንድ ብሎ የሚቆጥረው አበባ የ50 አበቦች ሰፈር ነው።

ከነዚህ 50ዎቹ ውስጥ 40 ያህሉ ፍሬ ይይዛሉ እንበል። 1 ኪሎ ኑግ ለማግኘት 6,250 እንዲህ ያሉ ሰፈሮች ያስፈልጋሉ፤ ለአንድ ኩንታል 625,000። አንድ ሄክታር ማሳ 8 ኩንታል ቢሰጥ፣ በማሳው ላይ ያበበው አበባ 5 ሚሊዮን ነበር ማለት ነው፤ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 500። የአንዱ ወርድ 3 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ጎን ለጎን ቢደረደሩ 150 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ።

ከ8 ኩንታሉ የሚወጣው ፍሬ 200 ሚሊዮን ነው። ከኢትዮጵያ ሕዝብ ቁጥር ይበልጣል፤ የበቀለው ግን በአንድ ሄክታር ላይ ነው። በአንድ ሄክታር የሚዘራው ዘር ከ5 እስከ 10 ኪሎ ነው። 8 ኪሎ ተዘርቶ 8 ኩንታል ከታፈሰ መሬቱ አንዱን መቶ አድርጎ መልሷል።

ለዚህ መሬቱ የሚቀበለው ውኃም በልኩ ነው። ነቀምቴ በዓመት 2 ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። አንድ ሄክታር ላይ 2 ሜትር ዝናብ ማለት 20 ሚሊዮን ሊትር ነው። 40,000 ሊትር በሚይዝ ቦቴ ቢቀዳ 500 ቦቴ ይሞላል። እያንዳንዱ 12 ሜትር ርዝመት ቢኖረው ሰልፋቸው 6 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ይህ ለአንድ ሄክታር ብቻ ነው።

በአገር ደረጃ ኑግ የሚይዘው መሬት ሩብ ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነው፤ ወለጋ፣ ጎጃም፣ ጎንደርና ሸዋ ዋናዎቹ ናቸው። ሩብ ሚሊዮን ሄክታር 2,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አዲስ አበባ 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ነች፤ ስለዚህ በጥቅምት በአንድ ጊዜ ቢጫ የሚለብሰው መሬት 5 አዲስ አበባ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። የጣና ሐይቅ ወለል ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ቢጫው ከጣና ብዙም አያንስም።

ከዚህ መሬት 2 ሚሊዮን ኩንታል ቢሰበሰብ 50 ትሪሊዮን ፍሬ ይሆናል። ምድር ላይ ላለ 8 ቢሊዮን ሰው በእኩል ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ 6,250 ፍሬ ይደርሰዋል፤ 25 ግራም መሆኑ ነው። 5 ቶን በሚጭኑ አይሱዙዎች ቢጫን 40,000 መኪና ይፈልጋል። መኪኖቹ 7 ሜትር ርዝመት ኖሯቸው አፍንጫ ለጅራት ተጠጋግተው ቢቆሙ ሰልፉ 280 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከነቀምቴ ተነስቶ ሆለታ አጠገብ ይደርሳል። ፍሬው በሙሉ ጫፍ ለጫፍ ቢደረደር ደግሞ 200 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከምድር እስከ ፀሐይ 150 ሚሊዮን ነው። የአንድ ዓመት ኑግ ፀሐይ ደርሶ 50 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይተርፈዋል።

ከፍሬው ክብደት 40 ከመቶ ያህሉ ዘይት ነው። ሙሉ በሙሉ ተጨምቆ ይወጣል ቢባል እንኳ 1 ሊትር የኑግ ዘይት 575,000 ፍሬ ይጠይቃል፤ 2.3 ኪሎ ሜትር። በጾም ወራት በአንድ ወጥ ላይ የሚፈስ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ከ60 ሜትር በላይ የኑግ ሰልፍ ነው። የተረፈው ፋጉሎ ለከብት ይሄዳል።

ከፍሬው ጥቂቱ ደግሞ በመርከብ አሜሪካ ይሻገራል። እዚያ የሚበላው ሰው ሳይሆን ወፍ ነው። ጎልድፊንች የምትባል ቢጫ ወፍ ኑግ ትወዳለች፤ ሰዎች በየጓሯቸው በቀጫጭን መያዣ ይሰቅሉላታል። ባዕድ አረም አብሮ እንዳይገባ ፍሬው በ120 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ15 ደቂቃ ይሞቃል። ወፏ 13 ግራም ያህል ትመዝናለች። ሚዛኑ በሌላው ወገን ኑግ ቢደረግበት ከእርሷ ጋር እኩል የሚሆነው 3,250 ፍሬ ሲጨመር ነው። ከአዲስ አበባ ኒውዮርክ 11,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በኑግ ሲለካ 112 ኩንታል።

እስካሁን የተቆጠረው ፍሬ ሁሉ አንድ ባሕርይ ይጋራል። ኑግ ራሱን በራሱ አያዳብርም። ከአንድ ተክል የወጣ ዱቄት በዚያው ተክል አበባ ላይ ቢወድቅ አበባው አይቀበለውም፤ ዱቄቱ ከሌላ ተክል መምጣት አለበት። ከ50ዎቹ ቱቦዎች እያንዳንዱ በየራሱ እንግዳ ይጠብቃል። ካልተጎበኘ ባዶ ሆኖ ይደርቃል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ የተበተነው ቁንጥር ኑግ የመጣ እንግዳ መዝገብ ነው ማለት ይቻላል። እንግዳዋ በአብዛኛው ንብ ነች።

አንዲት ሠራተኛ ንብ ከ1 ግራም 10ኛ እጅ ገደማ ትመዝናለች። 10 ንብ 1 ግራም፣ 10,000 ንብ 1 ኪሎ። 30,000 ንብ ያለበት አንድ ቀፎ ነዋሪዎቹ ብቻ ቢመዘኑ 3 ኪሎ ናቸው፤ የአንድ አራስ ሕፃን ክብደት። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብና ቤት ሲቆጠር የነቀምቴ ነዋሪ 75,000 ገደማ ነበር። ይህ በንብ አቆጣጠር ሁለት ቀፎ ተኩል ነው። በወለጋ ጫካ አንድ ትልቅ ዛፍ ላይ ሦስት ጋጉራ፣ ማለትም ባህላዊ ቀፎ፣ ተሰቅሎ ማየት ብርቅ አይደለም። በዚያ ዛፍ ላይ የሚኖረው ነዋሪ ያን ጊዜ ከነበረው የከተማዋ ነዋሪ ይበልጣል።

አንዲት ንብ በአንድ ጉዞ 40 ሚሊ ግራም ያህል የአበባ ማር ትሸከማለች። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 24 ኪሎ ተሸክሞ እንደመሄድ ነው፤ ንቧ የምትሄደው ግን በአየር ላይ ነው። ከአበባ የሚቀዳው ፈሳሽ በአብዛኛው ውኃ ነው። ከ100 እጁ 40ው ስኳር ቢሆን 1 ኪሎ የበሰለ ማር ለማውጣት 2 ኪሎ መቅዳት ያስፈልጋል፤ ትርፉን ውኃ ንቦቹ በክንፋቸው እያራገቡ ያተኑታል። 2 ኪሎን በ40 ሚሊ ግራም ማጓጓዝ 50,000 ጉዞ ነው። በአንድ ጉዞ 80 ጊዜ አበባ ላይ ብታርፍ፣ በአንድ ኪሎ ማር ውስጥ 4 ሚሊዮን ጊዜ ማረፍና መነሣት አለ።

አበባው ከቀፎው 1.5 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ደርሶ መልሱ 3 ኪሎ ሜትር ነው። 50,000 ጉዞ በ3 ሲባዛ 150,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የአንድ ኪሎ ማር መንገድ ይህ ነው። የምድር ወገብ ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ኪሎው ምድርን 4 ጊዜ ሊዞር ጥቂት ይቀረዋል። በየቀኑ ከነቀምቴ አዲስ አበባ ወይም ከአዲስ አበባ ነቀምቴ የሚጓዝ አውቶቡስ ይህን መንገድ ለመጨረስ አንድ ቀን ሳያርፍ 1 ዓመት ከ3 ወር ይወስድበታል። በእግሩ በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብርቱ መንገደኛ 5,000 ቀን ይሄዳል፤ ከ13 ዓመት ተኩል በላይ።

በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ለምትበር ንብ ይህ መንገድ 6,250 ሰዓት ነው። ክንፏ በሰከንድ 230 ጊዜ ይመታል። ሲባዛ ለአንድ ኪሎ ማር ከ5 ቢሊዮን በላይ የክንፍ ምት ይወጣል። ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ በገቡበት በ1857 ዓ.ም. አንድ ሰው በሰከንድ አንድ እያለ መቁጠር ጀምሮ፣ ሳይተኛና ሳይበላ ቀንና ሌሊት ቢቆጥር፣ 5 ቢሊዮን ላይ የሚደርሰው በ2016 ዓ.ም. ነው።

ይህን ሁሉ አንዲት ንብ አትሠራውም። በመኸር አበባ ወቅት የሠራተኛ ንብ ዕድሜ 6 ሳምንት ገደማ ነው፤ በዕድሜዋ የምታስገባው ማር ከግማሽ ግራም እምብዛም አይበልጥም። በሻይ ማንኪያ የሚነሣ 7 ግራም ማር የ12 ንቦች ሙሉ ዕድሜ ነው። መንገዱ 1,050 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከነቀምቴ አዲስ አበባ፣ ተመልሶ ነቀምቴ፣ ዳግመኛ አዲስ አበባ፣ ከዚያም 60 ኪሎ ሜትር ትርፍ። አንድ ማንኪያ።

በኅዳርና በታኅሣሥ ማር ሲቆረጥ አንድ ባህላዊ ቀፎ 5 ኪሎ ያህል ይሰጣል። 5 ኪሎ 750,000 ኪሎ ሜትር ነው። ጨረቃ ከምድር 384,000 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ከወለጋ ዛፍ ላይ የወረደ አንድ ጋጉራ ጨረቃ ደርሶ ለመመለስ 120 ግራም ያህል ማር ብቻ ይጎድለዋል።

አሥር ኩንታል፣ ማለትም 1 ቶን ማር፣ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው፤ ከምድር እስከ ፀሐይ። አንድ አይሱዙ ሙሉ ማር የጫነ እንደሆነ በጀርባው ያለው ፀሐይን ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ሄዶ እንደገና አንድ ጊዜ የሚያደርስ መንገድ ነው።

ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። በዓመት የምታመርተው 50,000 ቶንና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ አብዛኛው ጠጅ ይሆናል። ዝቅተኛው፣ 50,000 ቶን፣ ይያዝ። 10,000 አይሱዙ ነው፤ ሰልፉ 70 ኪሎ ሜትር፣ ከነቀምቴ ወደ ባኮ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው። ከሰልፉ በስተጀርባ ያለው የበረራ መንገድ 7.5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ነው።

ለዚህ ቁጥር አውቶቡስም እግረኛም አይበቃም፤ የሚበቃው ብርሃን ነው። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ከፀሐይ ምድር የሚደርሰው በ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው። 7.5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ 289 ቀን ያስፈልገዋል። መስከረም 1፣ አደይ በልጃገረዶች እጅ ባለበት ማለዳ ቢነሣ፣ መስቀልን፣ ገናን፣ ጥምቀትንና ፋሲካን በመንገድ ላይ ያሳልፋል፤ ከመንገዱ ጫፍ የሚደርሰው ሰኔ 20 ነው። በወለጋ ያን ጊዜ ዝናቡ ገብቷል፤ መሬቱ ታርሷል። ገበሬው ለሄክታሩ 8 ኪሎ ኑግ አዘጋጅቷል፤ 2 ሚሊዮን ፍሬ፣ ጫፍ ለጫፍ 8 ኪሎ ሜትር። ከእያንዳንዱ ፍሬ የሚበቅለው ተክል ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ አብቦ 10ኛ እጅ ግራም የምትመዝን እንግዳ ይጠብቃል።